100 ቪኤ ትራንስፎርመር፣ 78 ቪኤ ጭነት፤ ታዲያ ኮንታክተሩ ለምን ይንጣጣል?

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። አንድ ወንድማችን 400 ቮልት ወደ 24 ቮልት ኤሲ የሚያወርድ ባለ 100 ቪኤ (ቮልት በአምፔር ተባዝቶ) የኮንትሮል ትራንስፎርመር ፓኔል ውስጥ ገጥሟል። ሦስት ትንንሽ ኮንታክተሮች (ሞተርን የሚያበሩና የሚያጠፉ፣ በማግኔት የሚሠሩ ማብሪያዎች)፣ ሁለት ትልልቅ፣ ሦስት ሪሌዮች (የነሱው ታናናሾች) እና አራት የምልክት መብራቶች አሉት። የሁሉንም ቪኤ ደምሮ 78 አገኘ፤ 100 ከበቂ በላይ ነው ብሎ ገዛ። አሁን ግን ሁለተኛው ትልቅ ኮንታክተር ሲነሳ "ትርርር" ይላል። መብራቶቹም አብረው ብልጭ ድርግም ይላሉ፣ በተለይ መስመሩ በሚደክምበት ሰዓት። ማስነሻና ማቆሚያ ቁልፎቹ ከፓኔሉ 15 ሜትር ርቀው በ0.75 ካሬ (ሚሊሜትር ካሬ) ሽቦ ተገናኝተዋል። ያለ ጭነት ባዶውን ሲለካው ሴኮንደሪው (የ24 ቮልቱ ጎን) 26 ቮልት ያሳያል። አንዴ የሴኮንደሪው ፊውዝ ተቃጥሏል። "ትራንስፎርመሩ የተበላሸ ነው ወይስ እኔ ነኝ የተሳሳትኩት?" ይላል።

ወንድሜ፣ ትራንስፎርመሩ ደህና ነው። ድምርህም ልክ ነው። የደመርከው ግን ኮይሎቹ፣ ማለት የኮንታክተሮቹን ብረት የሚስቡት የሽቦ ጥቅሎች፣ ተረጋግተው ከተቀመጡ በኋላ የሚበሉትን ነው። ችግሩ ያለው ደግሞ ከዚያ በፊት ባለችው ቅጽበት ላይ ነው።

የኤሲ ኮይል ሁለት ፊት አለው። ገና ሳይስብ፣ ተንቀሳቃሹ ብረት ከቋሚው ርቆ ሳለ፣ በመሃላቸው የአየር ክፍተት አለ። ክፍተት ካለ ኢንዳክታንሱ (ኮይሉ የኤሲ ከረንትን የሚገታበት ባሕርይ) ትንሽ ነው። ኢንዳክታንሱ ትንሽ ከሆነ ከረንቱን የሚገታው ነገር ይቀንሳል፣ ስለዚህ ኮይሉ ብዙ ይስባል። ብረቶቹ "ጧ" ብለው ሲገጥሙ ክፍተቱ ይዘጋል፣ ኢንዳክታንሱ ከፍ ይላል፣ ከረንቱም ከስድስት እስከ አስር እጥፍ ይወርዳል። ይህ ሁሉ የሚያልቀው ባብዛኛው ከ10 እስከ 30 ሚሊሰከንድ ውስጥ ነው። የ50 ኸርዝ አንድ ዑደት 20 ሚሊሰከንድ መሆኑን አስብና ምን ያህል አጭር እንደሆነ ይገባሃል። መልቲሜትርህ ጭራሽ አያየውም። ኮንታክተሩ ግን የሚኖረውም የሚሞተውም እዚያች ውስጥ ነው።

ለዚህ ነው የአምራቹ ወረቀት ለአንድ ኮይል ሁለት ቁጥር የሚሰጠው። አንዱ ኢንረሽ ይባላል፣ የመሳቢያው ቪኤ ነው። ሌላው ሲልድ ወይም ሆልዲንግ ይባላል፣ የመያዣው ቪኤ ነው። 9 አምፔር የሚሸከም የተለመደ ትንሽ ኮንታክተር ሲስብ 70 ቪኤ ያህል፣ ሲይዝ 8 ቪኤ ያህል ይፈልጋል። ከ40 እስከ 65 አምፔር ያሉት ደግሞ ሲስቡ 200፣ ሲይዙ 20 አካባቢ ናቸው። ያንተም እነዚሁ ናቸው፤ ሦስት ጊዜ 8፣ ሁለት ጊዜ 20፣ ለሪሌና ለመብራት 14 ስትደምር 78 ይመጣልሃል። 200 የሚለው ቁጥር ድምርህ ውስጥ የትም የለም።

በነገራችን ላይ እዚያው ወረቀት ላይ በዋት የተጻፈ ሦስተኛ ቁጥርም ታያለህ። እሱ የሙቀት ቁጥር ነው፣ ፓኔሉ ምን ያህል እንደሚሞቅ ለማስላት የተቀመጠ። ኮይል ሲይዝ ፓወር ፋክተሩ (ከቪኤው ዋት የሚሆነው ድርሻ) 0.3 አካባቢ ስለሆነ 20 ቪኤ የሚወስደው ኮይል 6 ዋት ብቻ ያሞቃል። በዋት ደምረው ትራንስፎርመር የሚገዙ ሰዎች አይቻለሁ። ያንተ ስህተት ከነሱ ይሻላል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። የኮንትሮል ትራንስፎርመር የሚመረጠው "ምን ያህል ይሸከማል" ተብሎ ብቻ አይደለም። "ትልቁ ኮይል በሚስብባት ቅጽበት ቮልቴጁ እስከ የት ይወርዳል" የሚለው ይበልጣል። ታርጋው ላይ ያለው 100 ቪኤ የሙቀት ገደብ ነው። ቀኑን ሙሉ 100 ቪኤ ብትጭነው አይቃጠልም ማለት ነው። ለ20 ሚሊሰከንድ 250 ብትጭነውም አይቃጠልም፣ ምክንያቱም ለመሞቅ ጊዜ የለውም። ቮልቴጁ ግን ጊዜ አይጠይቅም፣ ወዲያው ነው የሚወርደው።

እስከ የት ቢወርድ ችግር የለውም? አይኢሲ 60947-4-1 የሚባለው ዓለም አቀፍ ደረጃ ኮንታክተር ከኮይሉ ቮልቴጅ 85 በመቶ እስከ 110 በመቶ ባለው ውስጥ በትክክል መሳብ አለበት ይላል። ለ24 ቮልት ይህ ከ20.4 እስከ 26.4 ማለት ነው። አንዴ ከያዘ በኋላ ግን ሆደ ሰፊ ነው። የኤሲ ኮይል ከ75 በመቶ እስከ 20 በመቶ ባለው መካከል የሆነ ቦታ ላይ ነው የሚለቀው። ለዚህ ነው ቀድመው የያዙት ትንንሾቹ ዝም ብለው ተቀምጠው አዲስ የሚነሳው ብቻ የሚሰቃየው።

እስቲ ያንተን ፓኔል እንቁጠረው። ባዶውን 26 ቮልት ለክተሃል። የእንዲህ ዓይነት ትራንስፎርመር ታርጋ ላይ ያለው 24 ሙሉ ጭነት ላይ ያለው ቮልቴጅ ነው፤ ባዶውን ከፍ ብሎ መታየቱ ጤንነቱ ነው። 100 ቪኤ በ24 ቮልት 4.17 አምፔር ነው። ስለዚህ በ4.17 አምፔር 2 ቮልት ውስጡ ይቀራል። 2 ለ4.17 ሲካፈል 0.48 ኦም። ይህቺ 0.48 ኦም የትራንስፎርመርህ ትክክለኛ ማንነት ናት፣ ከቪኤው በላይ።

ሁለተኛው ትልቅ ኮንታክተር ሲነሳ ሌሎቹ ሁሉ ይዘዋል እንበል። የያዙት 58 ቪኤ ናቸው፣ የሚስበው 200፣ ድምሩ 258። በ24 ቮልት 10.75 አምፔር ነው፤ ወደ ኦም ስትቀይረው 2.23። አሁን 26 ቮልቱን በ2.23 እና በ0.48 መካከል አካፍለው። ተርሚናሉ ላይ 21.4 ቮልት ይቀራል፣ 89 በመቶ። አልፏል! መስመሩ 10 በመቶ ሲደክም ግን 19.3 ይሆናል፣ 80 በመቶ። ወደቀ። "መስመሩ በሚደክምበት ሰዓት" ያልከው እዚህ ጋ ነው የገባው።

ግን አላለቀም፣ ሽቦህን ረሳነው። ለእኔ ከትራንስፎርመሩ በላይ ጥፋተኛው እሱ ነው።

የቁልፎቹ ሽቦ 15 ሜትር ሄዶ 15 ሜትር ይመለሳል፣ 30 ሜትር። የመዳብ የሬዚስታንስ ቁጥር 0.0175 በ30 ተባዝቶ ለ0.75 ሲካፈል 0.7 ኦም ነው። ከትራንስፎርመሩ ውስጣዊ ኦም ይበልጣል! የኮይሉ የመሳቢያ ከረንት በሙሉ ደግሞ በዚህ ሽቦ ነው የሚያልፈው፣ ምክንያቱም ማቆሚያው ቁልፍ ከኮይሉ ጋር በተከታታይ ነው ያለው። ኮይሉ 200 ቪኤ ሲስብ 8.3 አምፔር ነው። 8.3 በ0.7 ብትመታው ወደ 6 ቮልት። ከ24ቱ ስድስቱ መንገድ ላይ ቀሩ ማለት ነው። ሁሉንም አንድ ላይ ስትሠራው፣ መስመሩ ጤነኛ ሆኖም እንኳ፣ ኮይሉ ጫፍ ላይ የሚደርሰው 17.7 ቮልት ነው፣ 74 በመቶ። ብዙ ኮንታክተሮች ከ85 በታችም ይስባሉ፣ አምራቾች ቸር ናቸው፤ 74 ላይ ግን የተረፈህ ዕድል ነው።

አንድ ማስተካከያ ላክል። ኦሞቹን እንደ ተራ ቁጥር ደመርኳቸው፣ ኮይል ግን ማዕዘን አለው፣ ከረንቱ ከቮልቴጁ ወደ ኋላ ይቀራል። ሲስብ ፓወር ፋክተሩ 0.75 አካባቢ ነው፤ የትንሽ ትራንስፎርመርና የሽቦ ኦም ግን ባብዛኛው ቀጥተኛ ሬዚስታንስ ነው። ስለዚህ እውነተኛው ቮልቴጅ ከኔ ስሌት አንድ ቮልት ያህል ሊሻል ይችላል። ሆን ብዬ ነው የተውኩት። የላላ ብሎንና የቆሸሸ ኮንታክት ያቺን አንድ ቮልት አይምሯትም።

ኮንታክተሩ በአንዴ እምቢ ከማለት ይልቅ ለምን ይንጣጣል? ትግል ስለሆነ ነው። ቮልቴጁ ጫፍ ላይ ነው፣ ብረቱ ይነሳል፣ ዋናዎቹ ኮንታክቶች ይነካካሉ፣ ሞተሩ መነሻ ከረንቱን ይጠጣል፣ 400 ቮልቱ መስመር ይወርዳል፣ ትራንስፎርመሩ ደግሞ ከዚያው መስመር ነው የሚጠጣውና 24ቱም አብሮ ይወርዳል፣ ኮንታክተሩ ይለቃል፣ ሞተሩ ይቋረጣል፣ መስመሩ ያገግማል፣ እንደገና ይስባል። ጣትህ ማስነሻው ላይ እስካለ ድረስ ይቀጥላል። ይህን ለመለየት ቀላል ፈተና አለ። የሞተሩን የኃይል መስመር አጥፍተህ፣ ቆልፈህ፣ ኮንትሮሉን ብቻ አስነሳ። ጥርት ብሎ "ጧ" ካለ መስመሩ ነው የሚደክምብህ። ያኔም ከተንጣጣ ችግሩ ከትራንስፎርመሩ እስከ ኮይሉ ባለው መንገድ ላይ ነው።

ይህን ነገር "ትንሽ ድምፅ ነው" ብለህ እንዳትተወው። ዝቅተኛ ቮልቴጅ ኮይል ያቃጥላል። ለብዙ ሰው ይገርመዋል፣ ቮልቴጅ ሲያንስ ከረንቱ አብሮ ያንሳል ብሎ ስለሚያስብ። ብረቱ ካልገጠመ ግን ኮይሉ የመሳቢያ ከረንቱ ላይ እንዳለ ይቀራል። ለ20 ሚሊሰከንድ የተሠራውን ነገር ለደቂቃ ትጭነዋለህ። መጀመሪያ ቫርኒሹ ይሸታል፣ ከዚያ ጥቅሉ ይጠቁራል፣ ትራንስፎርመሩም አብሮ ይግላል። ዋናዎቹ ኮንታክቶች ደግሞ በየመንጣጣቱ የሞተር መነሻ ከረንት እየዘጉና እየከፈቱ ይቃጠላሉ፣ አንድ ቀን ተጣብቀው ይቀራሉ። ማቆሚያውን ትጫናለህ፣ ሞተሩ አይቆምም። ፊውዝህም የሄደው በዚሁ ይመስለኛል። 10 አምፔር ለአንድ ዑደት ቢያልፍበት ምንም አይለውም፣ ለሰከንዶች ሲደጋገምበት ግን ይቀልጣል።

ራሴም ተታልዬበታለሁ። የሩቅ ተንሳፋፊ ቁልፍ የሚያስነሳው የውሃ ፓምፕ ፓኔል ነበር፣ እንዳንተው 24 ቮልት። ተንጣጣ። ትራንስፎርመሩን አሳደግኩ፣ ተሻለው። ከሁለት ሳምንት በኋላ እንደገና ጀመረው። እንደገና አሳደግኩ! በመጨረሻ ጓደኛዬ መጥቶ ስለ ትራንስፎርመር ምንም ሳይጠይቀኝ ቴስተሩን ኮይሉ ሁለት ጫፍ ላይ ሰክቶ "አስነሳ" አለኝ። ትራንስፎርመሩ ጋ 24፣ ኮይሉ ጋ 16 ከምናምን። መንገዱን ተከትለን ስንሄድ የበሩ ማጠፊያ ጋ ያለ አንድ ተርሚናል ላልቶ ጠቁሮ አገኘነው። አንድ ሩብ ዙር በቁልፍ መፍቻ። ከዚያ ወዲህ ኮይሉ ጫፍ ላይ ሳልለካ ስለ ትራንስፎርመር አልናገርም።

እንግዲህ ምን ይደረግ? ትራንስፎርመሩን ብቻ ወደ 250 ቪኤ ብታሳድገው፣ ባዶውን 25.4 ቮልት የሚሰጥ ቢሆን፣ ያው ሽቦ ይዘህ ኮይሉ 19.4 ቮልት ያገኛል፣ 81 በመቶ። ገንዘብህ ወጥቶ ችግርህ ግማሹ ቀረ። ሽቦውን ብቻ ወደ 2.5 ካሬ ብትቀይረው 20.1 ይደርሰዋል፣ 84 በመቶ። ሁለቱንም ብታደርግ 22.4፣ 93 በመቶ። ጥሩ ነው፣ ግን 30 ሜትር 2.5 ካሬ እስከ ቁልፍ ሳጥን መጎተት ለእኔ የማይጥም ሥራ ነው። ቁልፎቹ ተርሚናል ውስጥም በግድ ነው የሚገባው።

እኔ የማደርገው ሌላ ነው። ሩቆቹ ቁልፎች ትልቁን ኮይል በቀጥታ አይንኩት። ፓኔሉ ውስጥ 2 ቪኤ የሚበላ ትንሽ ሪሌ ያስነሱ፤ የሪሌው ኮንታክት ደግሞ እዚያው አጠገቡ ያለውን ትልቁን ኮይል ያስነሳ። በረጅሙ ሽቦ የሚያልፈው ያኔ 0.1 አምፔር እንኳ አይሞላም፣ የሚጠፋው ቮልቴጅም ከምንም አይቆጠርም። 0.75 ካሬው ባለበት ይቀመጥ። የሪሌውን ኮንታክት ስትመርጥ ግን ተጠንቀቅ፤ "10 አምፔር" የሚለው ትልቅ ጽሑፍ ለማሞቂያ ዓይነት ጭነት ነው። የምትፈልገው ኤሲ-15 በሚለው ምድብ የተጻፈውን ነው፣ እሱ ለኤሌክትሮማግኔት ጭነት የተፈተነ ነው፣ ሲዘጋ የስሙን አስር እጥፍ መቻል አለበት። ያንተ ኮይል ሲይዝ 0.83፣ ሲስብ 8.3 አምፔር ስለሆነ ኤሲ-15 ላይ አንድ ተኩል ወይም ሁለት አምፔር የሚል ሪሌ ይበቃሃል። በቀጭኖቹ ሪሌዎች ግን አትሞክረው።

ሽቦው ከመንገድ ከወጣ በኋላ ትራንስፎርመሩን በሰላም መምረጥ ይቻላል። ሁለት የታወቁ አቆጣጠሮች አሉ። በአውሮፓ አምራቾች ካታሎግ የተለመደው እንዲህ ነው፤ የሁሉንም የመያዣ ቪኤ፣ የመብራቶቹን፣ እና ከሁሉ የሚበልጠውን የአንዱን ኮይል የመሳቢያ ቪኤ ደምረህ በ0.8 ታባዛለህ። ላንተ 78 እና 200፣ 278 በ0.8፣ 222 ይመጣል። አሜሪካኖቹ ደግሞ የመያዣውን ድምርና የመሳቢያውን ለየብቻ ስኩዌር አድርገው ደምረው ስሩን ያወጣሉ። የ78 ስኩዌርና የ200 ስኩዌር ተደምሮ ስሩ 215 ነው። ሁለቱም አንድ ሰፈር ናቸው።

እዚህ ጋ ብዙ ሰው የሚወድቅበት ጉድጓድ አለ። 222 ማለት የ222 ቪኤ ትራንስፎርመር ግዛ ማለት አይደለም! የቅጽበት ኃይል ነው። በአምራቹ ወረቀት ላይ ከታርጋው ቪኤ ጎን ሌላ ዓምድ አለ፣ ትራንስፎርመሩ ለአጭር ጊዜ በዝቅተኛ ፓወር ፋክተር ቮልቴጁ ሳይዘቅጥ የሚሰጠው ኃይል የተጻፈበት። 222ቱን የምትፈልገው እዚያ ዓምድ ላይ ነው። ያ ቁጥር ከአምራች አምራች ይለያያል፤ ሁለት "100 ቪኤ" ትራንስፎርመሮች በዚህ ዓምድ ላይ ሰማይና ምድር ሊሆኑ ይችላሉ። በአሜሪካ ሠንጠረዦች ዓምዱ በሦስት ይከፈላል፤ ሴኮንደሪው 85፣ 90 ወይም 95 በመቶ ሆኖ እንዲቆይ። መስመርህ ከ5 በመቶ በላይ የማይወዛወዝ ከሆነ የ90ውን ታያለህ፤ እስከ 10 በመቶ ከተወዛወዘ የ95ቱን። ያንተ መስመር የሁለተኛው ዓይነት ነው የሚመስለኝ።

ወረቀት ከሌለህ ቅድም እንዳደረግነው በኦም ሥራው። 160 ቪኤ ሆኖ ባዶውን 25.6 የሚሰጥ ትራንስፎርመር ውስጣዊ ኦሙ 0.24 ነው። አንዱ ትልቅ ኮይል ሲስብ 23.1 ቮልት ይቀራል። መስመሩ 10 በመቶ ቢደክም እንኳ 20.8፣ 87 በመቶ። አለፈ። ባዶና ሙሉ ጭነት ላይ ስትለካ ግን ጭነትህ ኮይል አይሁን። ኮይል ሲይዝ ማዕዘኑ ትልቅ ስለሆነ የቮልቴጁን መውረድ ይደብቅብሃል፣ ትራንስፎርመሩ ከእውነቱ በላይ ጎበዝ ይመስልሃል። ባለ ክር የ24 ቮልት አምፖሎች ወይም ሬዚስተር ተጠቀም።

ከመግዛትህ በፊት አንድ ጥያቄ ብቻ መልስልኝ። መብራት ሄዶ ሲመጣ ምን ይሆናል? ሁሉም ኮንታክተር በማስነሻ ቁልፍ የሚነሳና ራሱን የሚይዝ ከሆነ፣ መብራት ሲመጣ ሁሉም ዝም ብሎ ይጠብቃል፣ ችግር የለም። መምረጫ ቁልፍ ወይም ተንሳፋፊ ቁልፍ ከሆነ ግን መብራቱ በመጣባት ቅጽበት አምስቱም ኮይሎች አንድ ላይ ይስባሉ። ሁለት ጊዜ 200፣ ሦስት ጊዜ 70፣ ሲደመር 14፤ 624 ቪኤ፣ 26 አምፔር! 160ው ላይ 20.3 ቮልት ነው የሚቀረው፣ መስመሩ ጤነኛ ሆኖ። መብራት ገና ሲመጣ ደግሞ መስመር መቼም ጤነኛ ሆኖ አያውቅም። 250ው ላይ 22.2 ይሆናል። ስለዚህ ወይ 250 ግዛ፣ ወይ 160 ገዝተህ ሁለተኛውን ትልቅ ኮንታክተር በታይመር ሁለት ሦስት ሰከንድ አዘግየው። ሞተሮቹም አንድ ላይ ስለማይነሱ መስመሩ ያመሰግንሃል። እኔ ታይመሩን ነው የምመርጠው። ሞተሩን በሁለት ደረጃ የሚያስነሳው ስታር ዴልታ ከሆነብህም ዋናውና ስታሩ በሚሊሰከንዶች ልዩነት ተከታትለው ስለሚስቡ እንደ አንድ ቁጠራቸው።

"ታዲያ 500 ገዝቼ ልገላገል?" የሚል አለ ሁሌም። ይሠራል፣ ግን በነጻ አይደለም። ሴኮንደሪው ሲሾርት የሚወጣው ከረንት ይበዛል፣ ቀጫጭኖቹ የኮንትሮል ሽቦዎችና የሪሌ ኮንታክቶች ያንን ነው የሚቀበሉት፤ ፊውዝህም በዚያው ልክ አድጎ ቀጭኑን ሽቦ መጠበቅ ያቅተዋል።

በሌላ በኩል ትራንስፎርመሩ ትንሽ ሲሆን የሚመጣ ተቃራኒ ጣጣም አለ። 26 ቮልት ባዶውን ማለት 108 በመቶ ነው። መስመሩ በሌሊት 5 በመቶ ከፍ ሲል 27.3 ይሆናል፣ ከ110 በመቶ አለፈ። አንድ ትንሽ ኮንታክተር ብቻ ሌሊቱን ሲይዝ ያድርና እያጓራ ይሞቃል። ትራንስፎርመርህ ፕራይመሪው (የ400 ቮልቱ ጎን) ላይ 380፣ 400፣ 415 የሚሉ ወይም ፕላስ ማይነስ 15 ቮልት የሚሉ ተርሚናሎች ካሉት ለጌጥ አይደሉም። መስመርህን በተለያየ ሰዓት ለካና ለሱ የሚስማማው ላይ እሰር። ብዙ ፓኔል 400 የሚለው ላይ ታስሮ መስመሩ 375 ሲሆን አግኝቻለሁ።

ገና ዲዛይን ላይ ላለ ሰው ደግሞ ይህን እላለሁ፤ ቁልፎቹ ሩቅ ከሆኑና ኮንታክተሮቹ ትልልቅ ከሆኑ 24 ቮልት ኤሲ አትምረጥ። ያው 200 ቪኤ ኮይል በ110 ቮልት ሲሆን የሚስበው 1.8 አምፔር ነው። ያው 0.7 ኦም ሽቦ 1.3 ቮልት ብቻ ይበላል፣ ከ110 ላይ ከአንድ በመቶ ትንሽ በላይ። 24 ላይ ሩቡን ሊወስድ ደርሶ የነበረው ሽቦ ማለት ነው። 24 ቮልት ለሰው ደህና ነው የሚለው ክርክር እውነት ነው፣ ለዚያም ሲባል የሚመረጥበት ቦታ አለ። እዚያ ግን ወይ ከላይ ያልኩትን ሪሌ ተጠቀም፣ ወይ ዲሲ ኮይል። ተራ ዲሲ ኮይል የሚገታው ሬዚስታንሱ ስለሆነ ሲስብም ሲይዝም ያው ከረንት ነው፤ ኤሌክትሮኒክስ ያለባቸው አዳዲሶቹ ደግሞ ሲስቡ ከፍ ይላሉና ወረቀታቸውን አንብብ። ሶሌኖይድ ቫልቭ (በኮይል የሚከፈት ቫልቭ) ኤሲ ከሆነ እንደ ኮንታክተር ቁጠረው። ቆሻሻ ገብቶበት መሃል ላይ ከቀረማ እሱም እንደ ኮይልህ ይቃጠላል።

ፍሪኩዌንሲውንም እይ። ለ60 ኸርዝ ብቻ የተጠቀለለ ኮይል ወይም ትራንስፎርመር 50 ኸርዝ ላይ ስታስገባው ከረንቱ ይጨምራል፣ ይሞቃል፣ ያጓራል። የ50ው ትራንስፎርመር 60 ላይ ችግር የለበትም።

ስለ ፊውዝ። ለ160 ቪኤ ሴኮንደሪው ላይ 6.67 አምፔር ነው ሙሉ ጭነቱ፣ ስለዚህ 6 አምፔር ቀርፋፋ ፊውዝ ወይም ተመጣጣኝ ብሬከር። ፈጣኑን ተወው። ፕራይመሪው 0.4 አምፔር ብቻ ነው፣ ግን ትራንስፎርመር ራሱ ሲበራ ብረቱን ለማግኔት የሚጠጣው ከረንት በመጀመሪያው ግማሽ ዑደት ከሙሉ ከረንቱ 20 እጥፍና ከዚያም በላይ ሊወጣ ይችላል። ለዚህ ነው ፕራይመሪው ላይ ተራ ፊውዝ ስትሰካ ምንም ሾርት ሳይኖር አንዳንዴ የሚሄደው፣ አንዳንዴ የማይሄደው። እንደ ዕድልህ ማብሪያውን ሞገዱ የት ላይ እያለ እንደዘጋኸው ነው። የአሜሪካው የኤሌክትሪክ ኮድ በአንቀጽ 430.72 ከ2 አምፔር በታች ፕራይመሪ ላለው የሞተር ኮንትሮል ትራንስፎርመር እስከ 500 በመቶ ድረስ የሚፈቅደው ለዚሁ ነው። ቀርፋፋ ፊውዝ ወይም ዲ ኩርባ ያለው፣ ማለት የቅጽበት ከረንትን የሚታገሥ፣ ብሬከር አድርግ።

የሴኮንደሪውን አንድ ጫፍ ከመሬት አገናኝ፣ የሁሉም ኮይል አንድ እግር ቀጥታ እዚያ ይታሰር፣ በመሃል ምንም ቁልፍ አይግባ። ቁልፎች ሁሉ በሌላኛው በኩል ይሁኑ። ሽቦ ተልጦ ብረት ቢነካ ፊውዝ ይሄዳል፣ ሞተር ግን ራሱን አያስነሳም።

አሁን ምንም ሳትገዛ ይህን አድርግልኝ። መስመሩ በሚደክምበት ሰዓት፣ ቅጽበቱን የሚይዝ ሚኒማም-ማክሲማም ያለው መልቲሜትር ካገኘህ ኮይሉ ሁለት ጫፍ ላይ፣ ኤ1 እና ኤ2 ላይ፣ ስካና ትልቁን አስነሳ። ከዚያ ያንኑ የትራንስፎርመሩ ተርሚናል ላይ ድገመው። ተራ ቴስተር ከሆነ ያለህ፣ ሲንጣጣ የሚያሳየው የሚዋዥቅ ቁጥር ቢሆንም በሁለቱ ቦታዎች መካከል ያለው ልዩነት ይነግርሃል። ግን በአንዴ ከሁለት ሦስት ሰከንድ በላይ አታንጣጣው። ልዩነቱ ትልቅ ከሆነ በሪሌውና በተርሚናል ብሎኖቹ ጀምር። ትራንስፎርመሩ ጋም ቮልቴጁ የወረደ ከሆነ 160ውን ግዛ። ያገኘኸውን ሁለቱን ቁጥር ጻፍልኝ፣ የትልቁን ኮንታክተር ኮይል ላይ የተጻፈውንም ጨምረህ፤ አንዳንዴ 24 ቮልት 60 ኸርዝ የሚል ኮይል ነው ተቀምጦ የሚገኘው።